ሰማይ ያከለው ሲኖ

«ውሸት ካለበት ሁለተኛው እግሬም ይሰበር!» ብሎ ማለ ሰውየው፣ ክራንቹን የትራፊክ ፖሊሱ ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ። ገጭቶት ያመለጠው ሰማይ ያከለ ሲኖትራክ ነው። እግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ አባረረው፤ እሱም በሩን አንዴ በቡጢ ቢለው መኪናው ወደ ጎን ዘመመ። ሥራ ፈትቶ በተቀመጠባቸው ሁለት ወራት ሰፈሩን ያስደመመው በዚሁ ወሬ ነበር፤ ባወራው ቁጥር ሲኖው ጎማ ይጨምራል።

ሳጅኑ እስኪጨርስ ታገሠው። «ጋሼ፣ ታርጋው ካልታወቀ የምንከሰው ሰው የለም። ያየ ሰው ካልመሰከረልዎት ደግሞ ካሳ የሚጠይቁበት ወረቀት አልሰጥዎትም።»

«ምስክር ሞልቶ!» አለና ደረቱን ነፍቶ እትዬ ጥሩአየርን አስገባ። የተገጨው እኚሁ ጎረቤቱ ከሰል ከሚሸጡበት ደጃፍ ላይ ነበር።

«ሲኖ እንኳ አላየሁም፣ ወንድሜ» አሉ እትዬ ጥሩአየር ቀስ ብለው። «ድምፅ ሰምቼ ስወጣ አንዲት ነጭ ቪትዝ ስትፈተለክ አየሁና ታርጋዋን ግድግዳዬ ላይ በከሰል ጻፍኩት። አንተ ሲኖ ነው ስትል ጊዜ ግን፣ የሰው ልጅ በከንቱ አላሳስርም ብዬ፣ ለፋሲካ ቤቱን ስቀባ ኖራ ለቀለቅሁበት።»