አራት ወር የተያዘው ፒክአፕ

ምንተስኖት ከሽሪኩ ከደምሰው ጋር ያስመጣው ፒክአፕ ጉምሩክ ከተያዘ አራት ወር አለፈው። ዛሬ ትዕግሥቱ አልቆ ጉምሩክ ግቢ ውስጥ መኪናውን የያዘበትን ፈታሽ አፍንጫው ላይ በቡጢ መታው፤ አንገቱንም አነቀው።

"መኪናዬን ለምንድን ነው የማትለቀው?"

"በለው!" አለ ደምሰው ከኋላው።

ጥበቃዎች ገላገሏቸው። ፈታሹ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ ተናገረ።

"የሻንሲ ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና የተመታ ነው፤ ቀለሙም ተቀይሯል። መኪናው ከዚሁ ከአገራችን ተዘርፎ ድንበር የተሻገረ ነው። ባለቤቱን መንገድ ላይ አርደው ነው የወሰዱት። ይርዳው አስናቀ ይባላል።"

ከሁለት ዓመት በፊት የታላቅ ወንድሙን የይርዳውን ሬሳ ከገደል ያወጣው ምንተስኖት ራሱ ነው።

መኪናውን ውጭ አገር ሄዶ መርጦ የገዛው ደግሞ ደምሰው ነበር።

ምንተስኖት ዞር ሲል፣ ደምሰው የግቢውን በር አልፎ እየሮጠ ነበር።