ሁለቱ ቅቤ ነጋዴዎች

የምግብ ቤቱ ባለቤት ቅቤ የሚገዛው ከሁለት ነጋዴዎች ነበር። ሾላ ሄዶ ጋሽ ይርዳውን፣ «መርካቶ ያለችው ሴትዮ በርካሽ ትሰጠኛለች» ይላቸዋል፤ መርካቶ ሄዶ ደግሞ እትዬ አስካለን፣ «የሾላው ሰውዬ ይሻለኛል» ይላቸዋል። ሁለቱም እያጉረመረሙ፣ «እንግዲህ ደንበኛዬ ነህ፣ ልክሰርልህ» ብለው ትንሽ ይቀንሱለታል። እሱም «እሾህን በእሾህ ነው!» እያለ ይጎርራል።

አንድ ቀን ጋሽ ይርዳው ለጊዮርጊስ ዝክር ቤታቸው ጠሩት። ደስ ብሎት ውስኪ ይዞ ሄደ። ገና አረፍ ሲል፣ «ከእንግዲህ ከእርስዎ ብቻ ነው የምገዛው፤ ያቺ የመርካቶዋ ጨካኝ ናት» ብሎ በጆሯቸው ሹክ አላቸው።

ጋሽ ይርዳው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ጓዳ ዞሩ። «የልጆቼ እናት፣ እንግዳውን አስታጥቢው እንጂ!»

እትዬ አስካለ ማስታጠቢያውን ይዘው ብቅ አሉ።

«ታጠብ፣ ደንበኛችን» አሉት።