የግራ እግር ሥራ

«ቡሎኗ ጠፋች» አለ መካኒኩ ከፒክአፗ ስር በጀርባው እንደተንጋለለ። ካምቢዮው ቦታው ገብቷል፤ ከአንዲት ቡሎን በቀር የቀረ ሥራ የለም።

ታላቅ ወንድሙ ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጋራዡ በር ላይ ተቀምጧል። «ትናንትም ጠፍታ ነበር» አለ። «ማሙሽ፣ አንተ እኮ ዕቃ የሚጠፋብህ ሰው አልነበርክም።»

የመካኒኩ ጸጉር ሸብቷል። ለወንድሙ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው፤ የመፍቻ አያያዝ ያስተማረውም እሱ ነው።

ስኳር በሽታ የታላቁን ግራ እግር ከጉልበቱ በላይ ያስቆረጠው ጊዜ፣ የዚህችን ፒክአፕ ካምቢዮ አውርዶ አውቶማቲክ የገጠመላት ማሙሽ ነበር። አውቶማቲክ የግራ እግር አይጠይቅም። ሰውየው በቀኝ እግሩ ብቻ እየነዳ፣ ከዳቦ ቤት እየጫነ ለየሱቁ ሲያድል ኖረ። «እግሬን ቢወስዱትም መሪዬን አልነኩብኝም» እያለ ሰውን ያስቅ ነበር።

አሁን አውቶማቲኩ አልሠራም አለ። ተፈታ፣ ተገጠመ፣ መልሶ ተበላሸ፤ መለዋወጫው ተፈልጎ ታጣ። የተረፈው ያ በጆንያ ተጠቅልሎ ጋራዡ ጥግ የከረመው የድሮ ካምቢዮ ነው። እሱ ደግሞ ፍሪሲዮን የሚረግጥ ግራ እግር ይፈልጋል። ዳቦው ሱቅ መድረስ ስላለበት ከእንግዲህ የምትነዳው የታላቁ ሚስት ናት። ታላቁ ራሱ ነው «ግጠመው» ያለው።

«ኪስህን ፈትሽ» አለ ታላቁ ቀስ ብሎ።

መካኒኩ ኪሱን ዳበሰ። ቡሎኗ ኪሱ ውስጥ ነበረች፤ ከትናንት ጀምሮ።

«ጋሼ፣ ቡሎኗን ካሰርኩ በኋላ አንተ እኮ…»

«አውቃለሁ። እሰራት።»

አሰራት። ከስር ሲወጣ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና «ዘይት ዓይኔ ገባ» አለ። ማንም ዘይቱን አላየም፤ ማንም አልጠየቀውም።

ደጅ ስትጠብቅ የቆየችው ሚስትየዋ መሪው ጋ ገባች። መቀመጫው በባሏ ቁመት ልክ እንደተገፋ ኖሯል፤ እግሯ ፔዳሉ ጋ አልደርስ ሲላት ባሏን በዓይኗ ይቅርታ ጠይቃ መቀመጫውን ወደ ፊት ሳበችው። እሱ ከጎኗ ተደላድሎ ክራንቹን በሩ ላይ አስደገፈ። «እስቲ ሾፌር፣ አደራሽን፣ ገና ልጅ ነኝ» አላት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙም አልቆየም።

«እትዬ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጪ» አለ መካኒኩ በእሷ በኩል ባለው መስኮት አንገቱን አስግጎ። «አንደኛ ማርሽ አስገቢ። ከዚያ ቀስ እያልሽ ልቀቂ።»

ፈጥና ለቀቀችው። መኪናዋ ዘለል አለችና ሞተሩ ጠፋ።

«አይዞሽ» አለ ባሏ። «እንደገና።»

እንደገና አስነሳች። መካኒኩ እግሯን ለማየት ጎንበስ አለ፤ ዓይኑ ግን እሷን አልፎ ሄደ። ወንድሙ ፊት ለፊት መንገዱን ብቻ እያየ ነው። እሷ ስትረግጥ፣ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ የተያዘው የወንድሙ ግራ ሱሪ፣ ውስጡ ካለው ጉማጅ እግር ጋር፣ መቀመጫው ላይ ወደ ታች ተጫነ።

እሷ ስትለቅ፣ እሱም ቀስ ብሎ ለቀቀ።