ትልቁ ሃርድ ዲስክ

«ለግራፊክስ ካርዱ አትሰስት፤ ጌሙም ቪዲዮውም የሚሮጠው በእሱ ነው» ሲባል ታሂር ድሮ ደሴ፣ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ ሰምቷል፤ ማን ለማን እንዳለው ግን ተረስቶታል። ዛሬ ቆቦ፣ በሰርግ ቪዲዮ ቤቱ፣ ለአዲሱ ኮምፒውተር ጠንካራውን ካርድ ለማዘዝ ኮምፒውተር ነጋዴው ጋ ደውሎ መስመር ላይ ይጠብቅ ነበር።

«ሃርድ ዲስኩስ? አሮጌው ሞልቷል» አለች ሚስቱ ራዊያ።

«ያልተቆረጡትን የድሮ ሰርግ ቅጂዎች አጠፋለሁ። ለሁለቱም አቅም የለኝም፤ ደከመኝ፣ ራዊያ።»

እትዬ ኡሙሃኒ ስክሪኑ ፊት ተቀምጠዋል። ለገበያ ከሮቢት ሲመጡ፣ ሟች ባላቸው በልጃቸው ሰርግ የመረቁትን ሳይሰሙ አይመለሱም። ከሰርጉ ፊልም ምርቃቱ ረዘመ ተብሎ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ሙሉው ያለው እዚህ፣ ባልተቆረጠው ቅጂ ላይ ብቻ ነው።

«ክፉ አይንካችሁ» አሉ ሽማግሌው ከስክሪኑ።

እትዬ ኡሙሃኒ መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ፤ ራዊያም። ታሂርም ሳያስበው ስልክ ያልያዘውን እጁን ዘረጋ።

«ሃሎ፣ የትኛውን ካርድ ልላክልህ?» አለ ነጋዴው።

«አነስ ያለውን» አለ ታሂር። «ሃርድ ዲስኩን ግን ትልቁን።»