ሙቀሬ

ሽታሁን አንደበታቸው ተይዞ ሞጣ ሆስፒታል ከገቡ ጀምሮ ሚስታቸው ዘሪቱ ከአልጋው ጠርዝ አልራቀችም። ነርሷ «ያዋሯቸው እማማ፣ ይሰማሉ» ስላለቻት ስለ ዝናቡም ስለ በሬውም አወራቻቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከጣራው ላይ አልነቀሉም።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ስትገባ ዘሪቱ እንደ አገሯ ወግ «ኖር!» ብላ ከተቀመጠችበት የአልጋው ጠርዝ ብድግ አለች። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት። እንዲህ ለእንግዳ ሲነሱ መደቡ ላይ ለሚቀረው ሙቀት ባሏ «ሙቀሬ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። «ሙቀሬው ሳይበርድ ይቀመጡ» ይላሉ እንግዳውን። ከደጃቸው ያላለፈ ቃል ነው፤ ያለ ቦታው የተናገረውን ሰው ግን ሳይቆጡ አያልፉም።

ዘሪቱ በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ያረፈበትን ወንበር ለነርሷ አሳየቻት። «እዚያ ተቀመጭ ልጄ፤ ፀሐዩ ጥሩ ሙቀሬ ትቶበታል» አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

አልጋው ሲጢጥ አለ።

«የ… ፀሐይ… አይባልም!» አሉ ሽታሁን፣ ግንባራቸውን ቋጥረው።

ዘሪቱ ወደ እሳቸው ጎንበስ አለች። «ታዲያ የማን ነው የሚባለው?»

እጃቸው አንሶላው ላይ ቀስ እያለ ተንፏቀቀ፤ እሷ ከተነሳችበት ጠርዝ ደርሶ ፍራሹን ዳበሰ።

«የሰው።»