የርብ ወንዝ መለኪያ

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት አንለይ እረፍት አጣ። ላሙ ሻሼ ልትወልድ ተቃርባለች፤ ርብ ደግሞ እየሞላ ነው።

በፎገራ ሜዳ ውሃ ሲመጣ ከብት ይዞ ወደ ከፍታ መሸሽ የአባት ነው። ካለፉት ሁለት ክረምቶች ወዲህ ግን ሽሽቱ በቁጥር ሆነ። የውሃ መሐንዲሱ ሜትርና ሴንቲ ሜትር የተቀባበት ረጅም እንጨት ወንዙ ውስጥ ተክሎ፣ "ውሃው ሦስት ሜትር ሲደርስ ከብት ይውጣ" ብሏል። ቁጥሩን እያየ ለአገሩ የሚናገረው መንግሥቴ ነው። "ዓይን ያታልላል፤ ቁጥር አያታልልም" ብሎ መክሮታል መሐንዲሱ።

መንግሥቴ ዓምና ጉድ ሠራ። ሠላሳውን ሴንቲ ሜትር "ሦስት ሜትር" ብሎ ጮኸና አገሩን ከነከብቱ እስከ ጣራ ገዳም ግርጌ አንከራተተ። ሻሼ መንገድ ላይ ጨነገፈች። አንለይ ያን ሐዘን አልረሳውም።

እንጨቱን ግን አልጠላም። በበጋ ከብት ሲታከክበት ወድቆ ቢያገኘው፣ ደራሽ ውሃ የማይነቅለው ቦታ መርጦ፣ ጉድጓዱን በድንጋይ ጠቅጥቆ መልሶ የተከለው እሱ ነው። እንጨት መትከል ያውቅበታል።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ አላባራ አለ። አንለይ ወጣ ገባ ይላል፤ የላሟን ሆድ ይዳስሳል፤ ሰማዩን ያያል፤ መንግሥቴ ዘንድ ይመላለሳል።

"ዛሬስ ስንት ነው?"

"ሠላሳ ሴንቲ ሜትር፣ አያ አንለይ።"

"ዓምና በዐሥር አባዝተህ አስጨረስኸኝ። ዘንድሮ ደግሞ ለዐሥር አካፍለህ እንዳይሆን።"

"ሜትር መቶ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሴንቲ ሜትር ዐሥር ሚሊ ሜትር። ሠላሳው ሦስት መቶ ሚሊ ሜትር ይሆናል። በጋውን ሙሉ ይህንኑ ሳጠና ነው የከረምሁ።"

"ለዓይንስ እንዴት ነው ወንዙ?"

መንግሥቴ አንገቱን ደፋ። "ለዓይንስ ያስፈራል። እንጨቱ ግን ሠላሳ ነው የሚል።"

ነገሩ ለአንለይ አላማረውም። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ የዓምናው መንገድ ትዝ ሲለው ላሟን ከበረት ማውጣት ፈራ። እስከ ነገ ልጠብቅ አለ።

ሲነጋ ውሃው በረቱን ገብቶበት ነበር። ሻሼን በሆዷ ካለው ጥጃ ጋር ወሰዳት።

ጎርፉ ሲጎድል መሐንዲሱ መጣ። አንለይ እያለቀሰ የመንግሥቴን ጋቢ ጨምድዶ ያዘ።

"ይህ ሰው አንድ ዜሮ ጥሎ ላሜን አስበላኝ" አለ። የተሰበሰበውም ሰው ራሱን ነቀነቀ።

"ሁለት ሜትር ከአርባ ሴንቲ ሜትር ስንት ሚሊ ሜትር ነው?" ሲል መሐንዲሱ መንግሥቴን ጠየቀው።

"ሁለት ሺህ አራት መቶ፣ ጌታዬ።"

ሌላም ጠየቀው፤ ሌላም። መንግሥቴ ሁሉንም መለሰ። አንዲት ዜሮ አልሳተም።

መሐንዲሱ ግራ ገብቶት ወደ ወንዙ መውረድ ጀመረ። ሰዉም ተከተለው፤ አንለይ ከሁሉ ፊት ነበር። ቁልቁለቱን ሳያጋምሱ እንጨቱ ዘንድ ደረሱ። መሐንዲሱ ገፋው፤ አልነቃነቅ አለ። ጎንበስ ብሎ ግርጌውን የከበቡትን ድንጋዮች ተመለከተ፤ ከዚያም ገና ሩቅ ታች የሚፈሰውን ወንዝ።

"እኔ የተከልኩት ከወንዙ ወለል ነበር" አለ። "ማነው እዚህ ዳገት ላይ ያወጣው?"