ጀልባዋና የሕፃኑ ማተብ

ገመድና መረብ የሞተሩ ፕሮፔለር ላይ እየተጠመጠመ ስንቱን ሰው ጣና ላይ ካስቀረ በኋላ የመጡት፣ ራሳቸው አይተው የሚናገሩ አዳዲስ ጀልባዎች፣ የተንጠለጠለ ክር ካዩ ንቅንቅ አይሉም። ተሳፋሪው የነጠላውን ዘርፍ ወደ ውስጥ ይሸጉጣል፤ ማተቡን ፈትቶ ጀልባው ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ያኖራል። ባለጀልባው አንሙትማ የራሱን እዚያ ከጣለው ዓመታት አልፈዋል።

ዛሬ ከደሴቲቱ ክርስትና ሲመለሱ ጀልባዋ ሐይቁ መሐል ላይ "ክር አለ!" ብላ ቀጥ አለች። ሁሉም አንገቱን ዳበሰ። ለካ ቄሱ ገና አሁን ለሕፃኑ ያሰሩለት ማተብ ከመጠቅለያው ብቅ ብሎ ኖሯል።

"እማማ ባንቻየሁ፣ ለአንዴ ይፈታ፤ ማዶ ስንደርስ እናስረዋለን" አለ አንሙት።

አያቲቱ የልጅ ልጃቸውን እቅፍ አደረጉት። "ገና ክርስትና ከመነሣቱ ማተቡን ላስፈታው? አንተ ክንድ የለህም እንዴ?"

ተሳፋሪው ሳቀ። አንሙት እያጉረመረመ መቅዘፊያውን ከወንበር ሥር ጎተተ። ጥቂት እንደቀዘፈ ግን ቆም ብሎ ሣጥኑን ከፈተ።

"ደግሞ ምን ፈለግህ?" አሉት እማማ።

"በክንዴ መቅዘፌ ካልቀረማ የኔንም ልሰረው!"

ክሩን ባንገቱ ቢያዞረው ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለው። ጎረምሳ ሳለ የፈታው ነው፤ አንገቱ ወፍሯል።

እማማ ከነጠላቸው ዘርፍ አንዲት ክር መዘዙና ቀጠሉለት።